በሰቆጣ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሰቆጣን ተማሪ ብንጠይቀው ሳያመነታ «በመቶ» ይለናል፤ መምህሩም ትክክል ነው ብሎ ያርምለታል። ነገር ግን ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእናቱ ምድጃ የተጣደው ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ በደጋ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ልጁ የተማረው ሳይንስን ነውን? ወይስ ሌሎች በባሕር ዳርቻ የለኩትን ቍጥር?

«ቤተ ሙከራ ሳይሠራልን፣ ዕቃውም ሳይመጣልን በምን እናስተምር?» የሚሉን መምህራን አሉ። ችግራቸውን አንክድም፤ ዕቃውም ሊሰጣቸው ይገባል። (መቼም ቴርሞሜትር የወርቅ ዋጋ የለውም።) ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት የስንፍና መሸሸጊያ ሲሆን ዝም ብለን አናልፈውም። በዋግ ኽምራ ደጋ አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን አፍልታ፣ እንፋሎቱን በመቃ መርታ፣ በውሃ በቀዘቀዘ ዕቃ ታጠራቅመዋለች። መጽሐፉ ዲስቲሌሽን ብሎ በብርጭቆ ዕቃ ሥሎ የሚያሳየን ይኸንኑ ነው። ቀጥቃጩም ወናፉን በነፋ ቍጥር ከሰሉ ለምን እንደሚግል ማስተማሪያ የሚሆን ሥራ በእጁ ይዟል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ተማሪን ወደ ቀጥቃጭ ደጅ ይዞ የሚሄድ መምህር ግን ዛሬም እንግዳ ነገር ይመስለናል።

ይህን ስንል የአባቶች ልማድ ሁሉ ሳይንስ ነው ማለታችን አይደለም። ንብ አናቢው የቀፎዋን እናት «አውራ» ይላታል፤ ቃሉ ወንድ ያስመስላታል፤ እንቍላል የምትጥለው ግን እርስዋ ናት። በአውሮፓም ንጉሥ የሚሏት ብዙዎች ነበሩ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ስዋመርዳም ሆድዋን ከፍቶ የእንቍላልዋን ማኅደር አሳየ። የዋግ ልጅም ቀፎ ከፍቶ በዓይኑ ይይ፤ ያየውን ይጻፍ፤ ከአባቱ ጋር በአክብሮት ይከራከር። ክርክሩንም በቤቱ በሚናገረው በኽምጣና ቢጀምረው ነውር የለበትም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቅዷልና።

ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ዕጩ መምህሩን ከመጽሐፉ ጋር ወደ ቀጥቃጩና ወደ ንብ አናቢው ይላኩት። ፈተና አውጪዎችም ለከርሞ፣ «ውሃ በሰቆጣ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ምክንያቱን አስረዳ» ብለው ይጠይቁ፤ «መቶ» ብሎ የጻፈውንም ስሕተት ይበሉት።