«ስኪም» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፣ ነጋዴ የሚፈርምበትን ቃል ከሥሩ ቢመረምር ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ከውጭ አገር በሚመጡ የንግድ ደብዳቤዎች ከሚገኙት ቃላት አንዱ «ስኪም» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይህ ቃል በአንድ ወገን ዕቅድንና ሥርዐትን፣ በሌላው ወገን ዱለታንና ተንኮልን ያመለክታል።

አንድ የሎንዶን ላኪ ለአዲስ አበባ አስመጪ የዕቃው ዋጋ ተከፋፍሎ የሚከፈልበትን «ስኪም» ጽፎ ቢያቀርብለት፣ በመዝገበ ቃላት «ሴራ» የሚለውን ትርጕም ብቻ ያገኘ ጸሓፊ ነጋዴውን በከንቱ ያስቈጣዋል፤ ደብዳቤውም መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በአንጻሩ ቃሉ የታላቅ ድርጅት ቃል መስሎት ያለ ጥያቄ የሚፈርም ነጋዴ ገንዘቡን ለአታላይ ሊያስረክብ ይችላል። ፊተኛው ትርፉን ያጣል፤ ኋለኛው ዋናውን።

የቃሉ ምንጭ የጽርዕ ቋንቋ ነው። በጽርዕ «ስኬማ» ማለት መልክ፣ ቅርጽ፣ አኳኋን ሲሆን፣ «መያዝ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ይኸው ቃል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በከፍተኛ ማዕረግ ላይ የደረሱ መነኮሳት ከቅናትና ከቆብ በላይ የሚቀበሉት አስኬማ ከዚሁ ከጽርዕ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል በግዕዝ የቅድስና ልብስ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የአታላይም መሣሪያ ስም እስከ መሆን ደርሷል።

ወደ እንግሊዝኛ በላቲን በኩል በ16ኛው መቶ ዓመት ሲገባ የንግግር ስልትን ያመለክት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በወረቀት ላይ የሚነደፍ ሥዕል፣ ቀጥሎም ለአንድ ሥራ የሚወጣ ዕቅድ ተባለበት። የተንኮል ትርጕም የተጨመረበት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የቃሉ ጠባይ እንደየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ የጡረታ ገንዘብ አያያዝ በሕግ ሳይቀር «ስኪም» ይባላል፤ ማንም ክፉ ነገር አይጠረጥርበትም። በአሜሪካ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓመት በፖስታ የሚፈጸም ማታለልን የከለከለው ሕግ ይህንኑ ቃል ለአጭበርባሪ ዘዴ ተጠቅሞበታል፤ የአሜሪካ ሰውም ሲሰማው ይጠራጠራል። ስለዚህ ቡናውን ለአሜሪካ ገዢ የሚያቀርብ ላኪ የራሱን አሳብ «ስኪም» ብሎ ባይጽፍ ይመረጣል፤ «ፕላን» ወይም «ፕሮግራም» ቢለው ጥርጣሬ አያስነሣም።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ዓመት በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የተባለ የጣሊያን ተወላጅ ገንዘብ ላስቀመጠበት ሰው ሁሉ በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እንደሚሰጥ ተናገረ። ትርፉ የሚገኘው ለመልስ ደብዳቤ የሚያገለግል የፖስታ ኩፖን በርካሽ አገር ገዝቶ በውድ አገር በመለወጥ ነው ይል ነበር። በእውነት ግን ለፊተኞቹ የሚከፍለው ከኋለኞቹ በተቀበለው ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት ነገሩ ተገለጠ፤ እርሱ ታሰረ፤ ብዙ ሰዎችም ገንዘባቸውን አጡ። የእርሱ ስምና ይህ «ስኪም» የሚለው ቃል ዛሬም አብረው ይጠራሉ።

ቃልን በዚህ መወንጀል ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ከአገራችንም ምሳሌ አይጠፋም። በአማርኛ ሴራ ማለት ክፉ ምክር ነው፤ በጉራጌ ግን ሴራ ማለት ሕዝቡ የሚተዳደርበት ባህላዊ ሕግ ነው፤ የክስታኔ የጎርደና ሴራ የታወቀ ነው። በአማርኛው ትርጕም ብቻ ተመርቶ «ሴረኛ ሕዝብ» የሚል ሰው ቢኖር አላዋቂነቱን ከመግለጥ በቀር ሌላ ነገር አላደረገም። የውጭ አገር ደብዳቤም እንዲሁ በአንድ ትርጕም ብቻ ሊፈረድበት አይገባም።

እንግዲህ ፍርዱ በስሙ ሳይሆን በቅርጹ ላይ መሆን አለበት። ቃሉ በጥንት ትርጕሙ ቅርጽ ማለት ስለ ሆነ፣ ይህን ስም ይዞ የቀረበ አሳብ ሁሉ ቅርጹ በወረቀት ላይ በግልጽ ተነድፎ እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመነሻው ግሥም መያዝ ማለት ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ዕቃው እስኪደርስ ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ተስፋ የተሰጠበት ትርፍ ከየትኛው ሥራ ይገኛል? ዕቃው ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ለእነዚህ የተጻፈ መልስ ያለው አሳብ፣ ስሙ ስኪምም ቢባል፣ ሊመከርበት ይገባል። መልስ የሌለው ግን ስሙ ምንም ያህል ቢያምር ደብዳቤው በፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ብዕሩም በኪስ ይቈይ።