«ጀርባዬ ሊከፈት ነው… ምን ይጠብቀኛል?»

የፍቅሩንና የትዳሩን ጭቅጭቅ ለዛሬ ወደ ጎን እናድርገውና ከሸቤ የተላከልኝን አንድ ደብዳቤ እናንሳ። ሸቤን ለማታውቁ፣ ከጅማ በቦንጋ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኟት የቡና ከተማ ነች። ጸሐፊዋ የ16 ዓመት ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ስሟን እኔ አልጠየቅኩም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

«እህቴ ሹሩባ ልትሠራኝ ከፊቷ ቁጭ ባልኩበት ነው ያየችው» ትላለች። «አንዱ ትከሻሽ ከፍ ብሏል፣ ጀርባሽም በቀኝ በኩል አብጧል አለችኝ። ጅማ ሄጄ ኤክስሬይ ተነሳሁ። ስኮሊዮሲስ ነው፣ 58 ዲግሪ ደርሷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል አሉኝ። እናቴ ጀሪካን ስላሸከምኳት ነው እያለች ራሷን ትረግማለች። አያቴ ደግሞ ጀርባው የተነካ ሰው ተመልሶ አይቆምም ብለው ያለቅሳሉ። እኔ በፀሐይም በሙቀትም ሹራብ ለብሼ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ያማል ወይ? እሄዳለሁ ወይ? ወልጄ ማዘል እችላለሁ ወይ?»

እኅቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን የአጎቴ ልጅ በ15 ዓመቷ ይህንኑ ኦፕራሲዮን ስትደረግ አስታማሚዋ ሆኜ ከአልጋዋ አጠገብ ወለል ላይ ከሳምንት በላይ አድሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁትን፣ ካነበብኩትና ሐኪም ጠይቄ ካገኘሁት ጋር አዛምጄ ልንገርሽ። ላባብልሽም ላስፈራራሽም አልፈልግም።

በመጀመሪያ እናትሽን ከዚያ እርግማን እናውጣቸው። ጀሪካን አከርካሪን አያጣምምም። የደብተር ቦርሳም፣ አጎንብሶ ማጥናትም አያጣምምም። በወጣትነት የሚመጣው ስኮሊዮሲስ መነሻው በአብዛኛው በውል አይታወቅም፤ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ ግን አለው። ከ100 ወጣቶች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ ይታያል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። እየባሰ ሄዶ ኦፕራሲዮን ድረስ የሚያደርሰው በሴቶች ላይ ይበዛል። ኡሴን ቦልት ራሱ የተጣመመ አከርካሪ ይዞ ነው በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው!

እዚህ ላይ ሌሎቻችሁም ስሙኝ። የጎበጠ ጀርባ ሁሉ ስኮሊዮሲስ አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ የሚባል አለ፤ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ወደ ኋላ እንደ ጉብታ ያወጣዋል። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ይልቁንም የእግር መዛል ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ወጌሻ ጋ ግን አደራ! ለወለምታ የሚያውቅ ወጌሻን አከብራለሁ። የተጣመመ አከርካሪን ግን ማንም አሽቶ አላቃናውም። ቲቢ የበላውን አጥንት መጫን ደግሞ ሕብለ ሰረሰርን ጎድቶ ሰውን ከእግሩ ሊያስቀር ይችላል። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ መታሸቱ ይቅር።

አሁን ወደ 58ቱ ዲግሪ። ሐኪሞች ኤክስሬዩ ላይ መስመር አስምረው የጠመመውን ይለካሉ። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ሲሆንና ልጁ ገና እያደገ ከሆነ፣ እንደ ጠንካራ ሰደርያ ያለ የፕላስቲክ መደገፊያ ይታዘዛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ መደገፊያውን ከለበሱት 72 በመቶዎቹ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨርሰዋል። ካልለበሱት ግን 48 በመቶዎቹ ብቻ። መደገፊያው የጠመመውን አያቃናም፤ እንዳይብስ ይይዛል እንጂ። ለዚህ ነው ጊዜው ውድ የሚሆነው። ታናናሽ እህቶች ያሏችሁ፣ ሹሩባ ስትሠሯቸው ጎንበስ በሉ በሏቸውና ጀርባቸውን ከኋላ እዩ። የአንዱ ወገን ጎድን ከሌላው ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ሐኪሞቹም በዚሁ ነው የሚጀምሩት።

አንቺ ግን መደገፊያው አልፎሻል። 50 ዲግሪን ያለፈ አከርካሪ ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላ እንኳ በዓመት 1 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። «ትደግና እናያለን» የሚሉሽ ካሉ ይህን ንገሪያቸው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ማየት የፈለገ ወደ ጋና ይመልከት። ሪክ ሆድስ የሚባል አዲስ አበባ የኖረ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ከኦሄኔባ ቦአቺ አድጄ ጋር እየሠራ፣ ጀርባቸው እጅግ የጠመመ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በለጋሾች ወጪ አክራ ሄደው እንዲታከሙ አድርጓል። ብዙዎቹ የደረሱት ጎናቸው ተጨራምቶ፣ ሳንባቸው ታፍኖ ነው። እንዲህ ያለው ጀርባ በአንድ ቀን አይቃናም። ራስ ቅላቸው ላይ የብረት ቀለበት በብሎን ይታሰርና በገመድና በክብደት አከርካሪያቸው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሳባል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። ቀለበቱን እንዳሰሩ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ። ኦፕራሲዮኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ በ58 ዲግሪ ላይ መገኘትሽ ይህን ሁሉ ሊያስቀርልሽ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ እንዲህ ነው። በማደንዘዣ እንቅልፍ ከወሰደሽ በኋላ በሆድሽ ያስተኙሻል። ጀርባሽ መሃል ላይ ተከፍቶ፣ የጠመሙት አጥንቶች ላይ ብሎን ይገባል፣ ብሎኖቹም በሁለት ዘንግ ተያይዘው አከርካሪው ይቃናል። በላዩ ላይ የተከታተፈ አጥንት ይደረግበታል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ብረቱ ቡና ችግኝ እንደሚደገፍበት እንጨት ነው፤ የተከታተፈው አጥንት ገጥሞ አንድ ወጥ እስኪሆን ይይዛል። መግጠሙ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። ብረቱ ካላስቸገረ ዕድሜ ልክሽን እዚያው ይቀራል። ሙሉ በሙሉ እንደ ቀስት ገመድ ቀጥ እላለሁ ብለሽ ግን አትጠብቂ። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቃናል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ከዚያ ወዲያ እንዳይብስ መቆሙ ነው። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ዘመዶችሽ አስቀድመው ይጠይቁ። አጎቴ በዋዜማው ደም ሰጪ ፍለጋ ሲሯሯጥ ያየሁት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

አያትሽ የፈሩትን ነገር አልሸሸውም። ብረቱ የሚገባው ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ እየሠሩ ነርቮቹን በመሣሪያ ይከታተላሉ፤ ወይም መሃል ላይ ጥቂት አንቅተውሽ እግርሽን እንድታንቀሳቅሺ ያዝዙሻል። ይህን አብዛኛው ሰው ሲነቃ አያስታውሰውም። በአንቺ ዓይነት የወጣቶች ስኮሊዮሲስ የነርቭ ጉዳት የሚደርሰው ከ100 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ፣ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው። ከእነዚያም የሚያገግሙ አሉ። ቁስል የሚያመረቅዝባቸውም አሉ። «ምንም አደጋ የለውም» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ግን ሌላ ሰው ጠይቂ።

ያማል ወይ? ያማል፣ እኅቴ። የአጎቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ፊቷ አብጦ ነበር፤ በሆዷ ተኝታ ስለዋለች ነው። እጇ ላይ ግሉኮስ፣ ከጀርባዋ ደም የሚያወርድ ቱቦ፣ ሌላም የሽንት ቱቦ። ውኃ ውኃ አለች፤ ከንፈሯን በጥጥ አራስንላት። በሁለተኛው ቀን «ትነሳ» ሲሉ እኔ ራሴ ልጣላቸው ነበር። አስነሷት። ዞረባት፣ አስመለሳት፣ ቁጭ አለች። ክፉው ግን ሦስተኛው ቀን ነው። ወደ ግድግዳው ዞራ «ማን ነው ያስደረገኝ? ደህና እሄድ አልነበር?» ብላ አላናገረችንም። የማስታገሻው መርፌ ሰዓቱ አልፎ ነርስ ፍለጋ በኮሪደሩ የተሯሯጥኩበት ሌሊትም ነበር። አስታማሚሽ ሰዓት የሚያይና የማያፍር ሰው ይሁን! ማስታገሻው ደግሞ ሆድ ያደርቃል። አራት ቀን ያልወጣ ሆድ ከቁስሉ እኩል ያስለቅሳል፤ ውኃ፣ ፓፓያና ሐኪም ያዘዘው ማለስለሻ ይቅረብ። በአምስተኛው ቀን ክንዴን ይዛ እስከ መስኮቱ ሄደች። ቀሚሷ አጥሯት ነበር! ለካ በአንድ ቀን ቁመት ጨምራለች። መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

ብዙው ሰው ከ3 እስከ 7 ባለው ቀን ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል። መጽሐፉ ላይ የሌለው የሸቤ ኑሮ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ሸቤ። ይህን መንገድ ተጨናንቀሽ በሚኒባስ የኋላ ወንበር አትምጪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጎንበስ፣ ወገብን መጠምዘዝ፣ ከባድ ማንሳት ክልክል ነው። እንግዲህ አስቢው፤ እኛ ቤት ሁሉ ነገር መሬት ላይ ነው! ቡና የሚፈላው ዱካ ላይ ተጎንብሶ ነው። ፀጉር የሚሠራው መሬት ተቀምጦ ነው። ሽንት ቤቱም ቁጢጥ የሚያስብል ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ከፍ ያለ ወንበርና ከፍ ያለ አልጋ ይዘጋጅ፣ አናጢም መቀመጫው የተበሳ ወንበር ይሥራ። ፀጉርሽን ቀድመሽ ተሠሪው። እህትሽ ልብስሽንና ጫማሽን ታልብስሽ፣ ቁስሉ እንዳይረጥብ ትጠብቅሽ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ።

ወደ ትምህርት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚመለሱ ብዙ ናቸው፤ ደብተሩን ሌላ ሰው ተሸክሞ። በእግር መሄድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥሩ ነው፣ እየጨመርሽ ሂጂ። ቀለል ያለ ስፖርት ከወራት በኋላ፣ ግፊያና መውደቅ ያለበት ጨዋታ ሐኪምሽ ሲፈቅድ፤ ለአንዳንዱ እስከ ዓመት ይቆያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ግን ለዚያ ዓመት አትገኚም። ቀይ ቡና የሞላ ቅርጫት ማንሳት፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ አጎንብሶ መልቀም፣ ሁለቱም ይቅሩ። ቤተሰቡ የአንድ ሰው ጉልበት እንደሚጎድለው ቀድሞ ይቁጠረው፤ በመኸር መሃል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ። ለወንዶቹ ደግሞ ሹክ ልበላችሁ፤ ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል።

ማንም የማይነግርሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ሕመሙ ሲቀንስ፣ በሁለተኛው ወር አካባቢ፣ ጠያቂው ይቀንስና ድብርት ይመጣል። የአጎቴ ልጅ ያለ ምክንያት ታለቅስ ነበር። የፈወሳት በየቀኑ ማታ መጥታ የክፍል ወሬ የምታወራላት አንዲት ጓደኛዋ ነች። አንቺም አንዷን ከአሁኑ ያዢ።

ስለ ጠባሳውም ልመልስልሽ፣ ባትጠይቂኝም ሹራብሽ ጠይቆኛል። ከትከሻሽ መሃል እስከ ወገብሽ የሚወርድ ቀጭን መስመር ይሆናል። በዙሪያው ቆዳሽ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። የእንግሊዟ ልዕልት ዩጂኒ በ2002 እ.ኤ.አ. በ12 ዓመቷ ይህንኑ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ስታገባ ጠባሳዋ እንዲታይ ብላ ጀርባው የተከፈተ ቬሎ አሠርታ ዓለም እያያት ሄደች። አንቺ እንደዚያ አድርጊ አልልሽም፤ ሸቤ ላይ አያትሽ እኔን ፍለጋ ይመጣሉ!

ትሄጃለሽ ወይ? በአብዛኛው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን። ትወልጃለሽ ወይ? አዎን፣ ብረቱ ማህፀን ጋ አይደርስም። ስታረግዢ ግን ጀርባሽ ላይ ብረት እንዳለ ለሐኪሞቹ ንገሪ፤ በጀርባ የሚወጋውን ማደንዘዣ አስቀድመው እንዲያስቡበት። ማዘልም አጥንቱ ገጥሞ ሐኪም ከፈቀደልሽ በኋላ ይቻላል። እስክስታም እንዲሁ፤ የተያያዘው አጥንት ባይታጠፍም ትከሻ ትከሻ ነው።

አሁን የሚቀረው ቀጠሮው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አጥንት ክፍል ሂጂና ሪፈር ወረቀትሽን ጠይቂ፤ ወዴት እንደሚልኩሽ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ ተራው ስንት ወር እንደሆነ ጠይቂያቸው። ኤክስሬይሽን ቀኑን ጽፈሽበት አስቀምጪ፤ ቀጣዩ ሲነሳ የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነው። አያትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ፍርሃታቸውን ለአንቺ ሳይሆን ለዶክተሩ ይንገሩት፣ መልሱንም በራሳቸው ጆሮ ይስሙ።