ጤና በቤታችን፦ “አይሰማም” የምንለው ልጅ

ዛሬ ስለ ጆሮ እንጨዋወታለን። መነሻችን ደግሞ የራሳችን ጥፋት ነው።

እዚህ ማንጋቴን በምናስተምርበት ክፍል ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ስንጠራው ዝም፣ ስናዘው ዝም። “ይኼ ልጅ አይሰማም!” አልን። በእኛ ቋንቋ “አይሰማም” ማለት “አይታዘዝም” ማለትም አይደል? ተቆጣነው፤ ጥግ አቆምነው። አንድ ቀን ደብተሩን ልናርም ጎንበስ ስንል ከጆሮው መጥፎ ሽታ መጣ። እናቱን ጠርተን ብንጠይቃቸው “ቲቸር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈሰዋል። ሲያድግ ይተወዋል ብለውኝ ነው” አሉን። ለካስ ልጁ ድምፃችን አይደርሰውም ኖሯል። በጣም አፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ ውስጥ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም ስለሆነ ጉንፋን ሲይዛቸው ጀርሙ በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል። መግል ይጠራቀምና ታምቡሩን በስቶ ይፈሳል። ያኔ ሕመሙ ቀለል ስለሚል ልጁ ማልቀሱን ያቆማል፤ ወላጅም “ዳነ” ብሎ ይተወዋል። የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታምቡሩ ሳይድን መፍሰሱ ከቀጠለ መስማት እየደከመ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁን እንፈትነው። ፊታችንን እንዳያይ ከኋላው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመን ስሙን በሹክሹክታ እንጥራ። ደጋግመን ጠርተነው ካልዞረ ለጤና ባለሙያ እናሳየው።

ሁለተኛ፣ ጆሮው ከታመመ ወይም ከፈሰሰ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀን “ስንት ቀን ሆነው?” ብሎ ነው። 14 ቀን ያልሞላውና ያለፈው ሕክምናቸው ይለያያልና ቀኑን እንያዝ።

ሦስተኛ፣ ጆሮውን እናድርቅ። ንጹሕና ውኃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ እንደ ክር ጠምዝዘን በቀስታ እናስገባ፤ ሲርስ አውጥተን በሌላ ንጹሕ እንለውጥ፤ ደርቆ እስኪወጣ እንደጋግም። ይህንን በቀን ሦስት ጊዜ እናድርግ። ጠብታ ከታዘዘ የሚጨመረው ከደረቀ በኋላ ነው። ጨርቁን ግን ውስጥ ትተን አንሂድ።

አደራ! ዘይት፣ የጡት ወተት፣ የሽንኩርት ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አንጨምር። ከጎረቤት የተረፈ ጠብታም ይቅርብን፤ ታምቡሩ የተበሳ ጆሮን የሚጎዳ መድኃኒት አለ። ጆሮው እስኪድን ልጁ ወንዝ ገብቶ አይዋኝ። ጉሮሮውን ሲያመው ደግሞ፣ አገር ቤት እንደለመድነው “እንጥሉ ወርዷል” ብለን አናስቆርጥ። ደም ፈሶ ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ልጅ ሊሞት ይችላል።

ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም ትኩሳት ይዞት ከደነዘዘ ነገ አንበል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እናድርሰው።

እኛ መምህራንም የቤት ሥራ አለብን። ጆሮው የሚደክም ልጅ ፊት ይቀመጥ። ወደ ሰሌዳው ዞረን ሳይሆን ወደ ልጁ ዞረን እንናገር።

ያ ልጅ ታክሞ ጆሮው ደርቋል። መስማቱ ሙሉ በሙሉ ባይመለስለትም ዛሬ ከፊት ተቀምጦ እጁን ያወጣል። ይቅርታ ጠይቀነዋል። እናንተም ቤት “አይሰማም” የምትሉት ልጅ ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሮውን እዩለት።

ቸር ይግጠመን።