በወርኃ ጽጌ የተሰደዱት፤ የአርሲ ተፈናቃዮች ኀዘንና እምነት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንንና የልጇን ስደት በማኅሌትና በጾም ታስባለች። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በዚሁ ወቅት፣ በዶዶላ ምእመናን ቤታቸውን ትተው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተጠለሉ፤ ስደት የሚዘመርበት ደጅ የስደተኞች ማደሪያ ሆነ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኦሮሚያ በደረሰው ሁከት 123 ሰዎች በተለያየ መንገድ መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሽርካ ወረዳ ምእመናን በግፍ ተገደሉ።

ስለ ሟቾቹ ብዙ ተብሏል። በሕይወት ተርፈው ስለተፈናቀሉት የተባለው ግን ጥቂት ነው። በጭላሎ ሥር ስንዴና ገብስ እያመረተ ለነዳያን ዝክር ያቀርብ የነበረ ገበሬ የእርዳታ እህል ለመቀበል ሲሰለፍ፣ ከረሃቡ ይልቅ የሚያሳምመው ኀፍረቱ ነው። ሌሊት ይባንናል፤ «እኔ ለምን ተረፍሁ?» እያለ ራሱን ይከሳል። የጽዋ ማኅበሩ ተበትኗል፤ የንስሐ አባቱም ምናልባት እንደ እርሱ ተሰደዋል።

ለእንዲህ ያለው ሰው «ፈተና ነው፣ ቻለው» ማለት ይቀናናል። ሟቾችን ሰማዕታት ብሎ ማክበር የተገባ ነው፤ ይሁን እንጂ የሕያዋኑን ቁስል በዚያ ልንሸፍነው አይገባም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በዝምታ መቀመጣቸው መልካም ነበር፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ቁጣም ቢሆን ወደ እግዚአብሔር ሊቀርብ ይችላል፤ በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች መዝሙር መራራ ነው፤ እኛም ከዳዊት ሳናወጣው እንደግመዋለን። ያ ምሬት ግን ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው ሸሽገው ያተረፉ ሙስሊሞችን እንዳያስረሳን እንጠንቀቅ።

ከተጠለሉበት ደብር የሚጠበቀው ከዱቄትና ከብርድ ልብስ ያለፈ ነው። ፍትሐት ሳይደርስላቸው ለተቀበሩት ጸሎቱን ማድረስ፣ ተዝካራቸውን ማውጣት፣ የተበተነውን ጽዋ እንደገና ማስጀመር ይቻላል፤ ይህን ለማድረግ የውጭ እርዳታ አያስፈልግም። እንቅልፍ ያጣውንም ከጸበሉ ጎን ለጎን ወደ ሐኪም መላክ እምነትን አይነካም።

«ተመለሱ» ሲባሉ የሚፈሩትን እምነት እንደጎደላቸው የሚቆጥሩ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ መልአኩ ተመለስ ያለው ጻድቁ ዮሴፍ፣ በይሁዳ አርኬላዎስ እንደነገሠ ሲሰማ ወደዚያ መሄድን ፈራ። በሕልም የተነገረውም ወደ ገሊላ እንዲሄድ ነበር፤ ፈራህ ተብሎ አልተነቀፈም። ስለዚህ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ተፈናቃዩ የሚቀርብ አይደለም፤ ቀድሞ መልስ መስጠት ያለባቸው ያሰደዱትን ለፍርድ የማቅረብና የመንደሩን ሰላም የማስጠበቅ ኃላፊነት ያለባቸው ናቸው።