ኳስ ተጫዋችስ መቼ ይረፍ?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ አስተያየት

ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እኔና ወንድሞቼ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ የቼልሲና የፓሪ ሳን ዤርማ ቡድኖች ለዓለም የክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ይጋጠሙ ነበር። ቼልሲ ሦስቱንም ግብ ከዕረፍት በፊት አግብቶ 3 ለ 0 ረታ። እኔም የቼልሲ ደጋፊ ስለ ሆንኩ እናቴ እስኪቈጡኝ ድረስ ጮኽኩ። አባቴ ግን ኳስ የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ «እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ አያለሁ፤ ለመሆኑ መቼ ነው የሚያርፉት?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ መቍጠር ስጀምር ግን ነገሩ ከበደኝ። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ጨዋታ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) የፓሪሱ ቡድን ሜይ 31 ቀን 2025 በሙኒክ ከተማ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ወሰደ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ዓመቱን በእንዲህ ያለ ድል ከፈጸመ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይሄድ ነበር። እነርሱ ግን በ15ኛው ቀን አሜሪካ ገብተው ይጫወቱ ነበር። ከቼልሲ ጋራ ያደረጉት ግጥሚያ የዓመቱ 65ኛ ጨዋታቸው ሲሆን፣ ለቼልሲም 64ኛው ነበር። ከዚያም ልክ በወሩ፣ ኦገስት 13 ቀን፣ ፓሪሶች በኡዲኔ ከተማ ከቶተንሃም ጋራ ለሌላ ዋንጫ ተሰለፉ።

የአውሮፓ በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። እኛ ተማሪ ቤት ተዘግቶልን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን በምንተኛበት ወራት ነው እንግዲህ እነዚያ ሰዎች በፀሐይ የሚሮጡት። ስለ ፀሐዩም ጥቂት ልበል፤ በዚያው ውድድር በሲንሲናቲ ከተማ የዶርትመንድ ተቀያሪ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን አጋማሽ ከሙቀቱ ለመዳን ሲሉ በልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ሆነው ተመልክተዋል። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ያልቻለውን ፀሐይ ሮጦ የሚጫወተው እንዴት እንደ ቻለው እያንዳንዳችን ልናስበው እንችላለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ውድድር ምን አዲስ ነገር አለው? ድሮስ በበጋ ይጫወቱ አልነበረምን?» ይሉኛል። ይጫወቱ ነበር። የዓለም ዋንጫ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ በሁለቱ የዓለም ዋንጫዎች መካከል ደግሞ የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ ይደረጋል። ስለዚህ ከሁለት በጋ አንዱ ከሞላ ጐደል ባዶ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ከዓለም ዋንጫ በፊት ባለው ዓመት የኮንፌዴሬሽኖች ዋንጫ የሚባል ውድድር ነበረ፤ እስከ 2017 ድረስም ተደርጓል። ነገር ግን 8 ቡድኖች ብቻ የሚካፈሉበት የ16 ጨዋታ ውድድር ነበር። በእርሱ ፈንታ በ2025 የመጣው 32 ክለቦች የተካፈሉበት፣ 63 ጨዋታ ያለው፣ ወር ሙሉ የፈጀና 1 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ውድድር ነው። በ2024 የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ዋንጫዎች ነበሩ፤ ለ2026 ደግሞ 48 አገሮችና 104 ጨዋታዎች ያሉት የዓለም ዋንጫ ተመድቧል። ሦስት በጋ ተከታትሎ ተያዘ ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የውድድሩ መኖር ሳይሆን፣ ባዶ የነበረችው የዕረፍት ቦታ ላይ መቀመጡ ነው።

በአያቴ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ያርሳል። ዛሬ በኔ ማሳ፣ ነገ ባንተ ማሳ ይባባላሉ። ሁለቱም በሬዎቹ ስንት ቀን እንደ ተጠመዱ ያውቃሉ፤ በዓል ሲሆንም ቀንበሩ ይሰቀላል። ኳስ ተጫዋቹን ግን ክለቡ ለራሱ ይጠምደዋል፤ ያገሩ ፌዴሬሽን ለራሱ ይጠምደዋል፤ ፊፋም በተራው ይጠምደዋል። እያንዳንዱ የራሱን ቀን ብቻ ይቈጥራል። የሰውየውን ቀን ጠቅላላ የሚቈጥር የለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ የስፔኑ ፔድሪ ነው። እርሱን የመረጥኩበት ምክንያት በዚያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት፣ ማለትም እንደኔና እንደ ክፍል ጓደኞቼ ስለ ነበረ ነው። በ2020 እና 21 ዓመቱን ሙሉ ለባርሴሎና ሲጫወት ከረመ። ቀጥሎ በ2021 በጋ ላገሩ በአውሮፓ ዋንጫ ስድስቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ ስፔን ጁላይ 6 ቀን በጣሊያን ተሸንፋ ወጣች። በ16ኛው ቀን ይኸው ልጅ ጃፓን አገር በኦሊምፒክ ከግብፅ ጋራ ይጫወት ነበር። ኦገስት 7 ቀን የፍጻሜውን ጨዋታ በብራዚል ተረትተው የብር ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። በዚያ አንድ ዓመት ለክለቡና ላገሩ ከ70 በላይ ጨዋታ አድርጓል። የክለቡ አሠልጣኝ ሮናልድ ኩማን ይህ ለ18 ዓመት ልጅ ይበዛል ብለው በግልጽ ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የጭኑ ጡንቻ ደጋግሞ እየተጎዳ ከ38 የሊግ ጨዋታዎች 12ቱን ብቻ ተጫወተ። እኔ ሐኪም ስላይደለሁ ጉዳቱ ከድካም ብቻ የመጣ ነው ብዬ አልምልም። ፔድሪም ኋላ ድኖ እንደ ገና ድንቅ ተጫዋች ሆኗል። ይሁንና ልጁን በዚያች በጋ አንድ ወር ቢያሳርፉት ማን ይጎዳ ነበር?

ከፔድሪም በኋላ ትምህርት አልተገኘም። በ2024 የአርጀንቲናው ጁሊያን አልቫሬዝ ጁላይ 14 ቀን የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ፍጻሜ ከጨረሰ በኋላ፣ በ10ኛው ቀን ፈረንሳይ አገር በኦሊምፒክ ተሰለፈ።

አሁን ለመናገር የማልወደውን ነገር ልናገር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከእኛ መካከል አንድ ጓደኛ ነበረን፤ በክፍላችን እንደ እርሱ ያለ አጥቂ አልነበረም። ሰኔ ላይ የተማሪ ቤቱን የክፍሎች ዋንጫ ስንጨርስ ጉልበቱን ያመው ጀምሮ ነበር። ሐምሌ ላይ በሰፈራችን የክረምት ውድድር ተጀመረ። እርሱ ቤት ሄጄ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ፤ «ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው፤ አንተ ከሌለህ ማን አለን?» አልኩት። እርሱም እምቢ አላለም፤ እንዲያውም እየሮጠ ጫማውን አመጣ። በሁለተኛው ጨዋታ በጭቃው መካከል ሰው ሳይነካው ወደቀ። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ፣ ኋላም ሐኪም ቤት ወሰድነው። ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ሳይገባ ቀረ፤ አሁንም እኛ ስንጫወት ከዳር ቆሞ ሰዓት ይይዝልናል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ብዙ ሰዎች «ተጫዋቹ ራሱ ይወስን፤ ካልፈለገ ይቅር» ይላሉ። ይህ ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ በተግባር ግን ከንቱ ነው። የ18 ዓመት ልጅ «ና ተጫወት» ሲባል እምቢ አይልም። ቦታውን ሌላ ይወስድብኛል ብሎ ይፈራል፤ ደግሞም ኳስ ይወዳል። የማንችስተር ሲቲው ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበዋል ብሎ የተናገረው ትልቅ ስም ያለው ሰው ስለ ሆነ ነው። (እርሱም ያን ከተናገረ ሳምንት ሳይሞላው ከአርሰናል ጋራ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ለብዙ ወራት ተኛ።) ስም የሌለው ልጅ እንዲህ ብሎ ይናገራል ብዬ አላስብም። ስለዚህ «በቃህ» የሚለው ሌላ መሆን አለበት፤ ያም ሌላ ከጨዋታው ገንዘብ የሚያገኝ መሆን የለበትም።

በተቃራኒው ወገን ያሉትን ሰዎች ሐሳብ ሳልሰማ አላልፍም። በክፍላችን በተነሣው ክርክር በጣም ያስጨነቀኝ የኒው ዚላንዱ የኦክላንድ ሲቲ ነገር ነበር። ተጫዋቾቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ጨዋታ ባየርን ሙኒክ 10 ለ 0 አሸነፋቸው፤ በመጨረሻው ግን ከታላቁ ቦካ ጁንየርስ ጋራ 1 ለ 1 ወጡ፤ ግቡን ያገባውም ያን ጊዜ ለመምህርነት በመሠልጠን ላይ የነበረ ሰው ነው። (መምህሮቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።) የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስም ዶርትመንድን አስጨንቆ 4 ለ 3 ተሸነፈ እንጂ አልተዋረደም። እንዲህ ያለውን ደስታ ልንነፍጋቸው አይገባም፤ በዚህ ነጥብ ተሸንፌያለሁ። ነገር ግን የኦክላንድን ሰው ለማስደሰት የግድ የፓሪሱ ሰው 65ኛ ጨዋታውን መጫወት አለበትን? ውድድሩ ቢያጥር፣ ወይም ለእርሱ ሲባል ከሌሎቹ አንዱ ቢቀር፣ ሁለቱም ይሆናል።

ደግሞስ «ለድኾች አገሮች ይጠቅማል» የሚሉን ሰዎች የአፍሪካ ዋንጫ ምን እንደ ደረሰበት ያስታውሱ። ኢትዮጵያ በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አራት አገሮች አንዷ ናት፤ በ1962ም ዋንጫውን በአዲስ አበባ ወስዳለች። የ2025 የአፍሪካ ዋንጫ በሞሮኮ በጁንና በጁላይ እንዲደረግ ታስቦ ነበር። የክለቦቹ ውድድር ያንን ወር ስለ ያዘው የእኛ ዋንጫ ተገፍቶ ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 18 ተደረገ። አዲሱ እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ የተነሣው የቤቱ ሽማግሌ ነው።

ስለ ገንዘባቸውም ይነሣል። «በሳምንት አባቴ በዕድሜው የማያገኘውን ያገኛሉ፤ ምን ያማርራቸዋል?» ይባላል። እኔም ብዙ ይከፈላቸዋል እላለሁ። የጉልበት ጅማት ግን የደመወዝ ልክ አያውቅም።

ፊፋም ቢሆን ነገሩ እንዳለ ሳይገባው አልቀረም። ከፍጻሜው ጨዋታ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በሁለት ጨዋታዎች መካከል ቢያንስ 72 ሰዓት፣ በዓመቱ መጨረሻም ቢያንስ 21 ቀን ዕረፍት ሊኖር እንደሚገባ ስምምነት ላይ መደረሱን አስታወቀ። የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ግን በዚያ ስብሰባ አልተጠራም። እኛ ተማሪዎች ከሁለት ወር በላይ ክረምት እያለን ይቀነስ ቢባል እንዴት እንደምንጮኽ አውቃለሁ።

በበኩሌ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ተጫዋች በአንድ በጋ ከአንድ ውድድር በላይ አይሰለፍ። ከሁለት በጋ አንዱ እንደ ቀድሞው ባዶ ይሁን፤ አዲስ ውድድር የሚያመጣም አሮጌውን ይዞ ይሂድ። የእያንዳንዱ ሰው ጨዋታ፣ ለክለብም ቢሆን ላገርም ቢሆን፣ በአንድ መዝገብ ይቈጠር፤ ልኩ ሲሞላ የባርሴሎናም ሆነ የስፔን አሠልጣኝ ቢለምን ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ለዚያ ጓደኛዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶ ከሜዳ ቢከለክለኝ ኖሮ ሕጉን ያወጣውን ሰው ዕድሜ ልኬን እጠላው ነበር አለኝ። ቀጥሎም ጉልበቱን እያሻሸ ስሙ እንዳይጻፍ ለመነኝ፤ እኔም አልጻፍኩትም።