ስልኩ ያዜማል፤ የሚያርምህ ግን ማን ነው?

ሰኞ የካኮ ገበያ ነው። ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ማርና ቅቤ፣ ፍየልና እህል ይዘው ከሚመጡት የበና ሰዎች መሀል ስልክ የያዘ ወጣት አይጠፋም። ከስልኩ መዝሙር ይሰማል። መዝሙሩ ሌላ ከተማ ተቀርጾ በቴሌግራም የመጣ ነው፤ ልጁ ግን ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል።

እዚያው በና መንደር ውስጥ ደግሞ ሌላ ዜማ አለ። ሽማግሌዎች ከቡና ገለባ የተፈላውን ሸፈሮ በቅል ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ ምርቃቱን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆች ጤና ነው። በናና ሐመር ይህን የሚለምኑትን በረከት «ባርጆ» ይሉታል። ልጁ የስልኩን መዝሙር እንደሚያውቀው ሁሉ ይህን መቀበል ያውቅበታል?

ይህን የምጠይቀው በዚህ ዘመን «ራስን ማግኘት» የሚለው ነገር ገበያ ስለደራለት ነው። በገና ተማሩ፣ ዜማ አጥኑ፣ መንዙማ ስሙ፣ ራሳችሁን ታገኛላችሁ ይባላል። ሐሳቡ ስህተት አይደለም። ግን የሚያገኘው ማነው? ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሰማው ነው ወይስ አፉን ከፍቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ የሚያዜመው?

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስታውሱ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የነበረው ይህ ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ነበር ይባላል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል እየወደቀ እየተነሳ ሲወጣ አየ። ከዚያ ምን አደረገ? ተመልሶ መምህሩ ዘንድ ሄደ! ታሪኩን ስንተርክ ትሉን እናወራለን፤ መመለሱን እንረሳዋለን።

የዜማ ቤት አሠራርም ይህንኑ ይናገራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ስልቶች ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ አፍ ነው የሚተላለፉት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው እንዳይጠፋ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉ ምልክቶችን አዘጋጁ። ምልክቱ ከተጻፈ ይኸው 400 ዓመት አልፎታል። ሆኖም ዛሬም ድጓውን ብቻ ገዝቶ ዜማ የተማረ ሰው የለም። ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያርምም። ተማሪው ሲስት አቁሞ «እንደገና በል» የሚለው መምህሩ ነው።

የስልክ ቪዲዮም በእኔ ግምት እንደዚያው ምልክት ነው። ጠቃሚ ነው፤ የበገና መምህር በሌለበት ከተማ ያለ ልጅ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ያሳየዋል። ቪዲዮው ግን ልጁን አይሰማውም። አሥሩ አውታር ትክክል ተቃኝቷል? ድምፁስ ከአውታሩ ጋር ሄዷል? አያውቅም። ጥሩ ቢጫወት፣ ባይጫወት ለቪዲዮው ያው ነው።

በገና ራሱ የተረፈው በሰው ነው። በደርግ ዘመን ከሬዲዮ ጠፍቶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር። እዚያ ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋን የመሳሰሉ መምህራን እውቀቱን ይዘው ባይቆዩ ኖሮ፣ ዛሬ በገና ለመማር የሚመዘገበው ወጣት ከማን ይማር ነበር? የተቀረጸ ካሴት ብቻውን ደቀ መዝሙር አያወጣም።

አሁን ወደ ካኮ እንመለስ። የበናው ምርቃት ድጓ የለውም፤ ምልክት የለውም፤ ትምህርት ቤትም የለውም። ያለው ሽማግሌው ብቻ ነው። አውጪ ቢኖርም ተቀባይ ከሌለ ምርቃቱ ምርቃት አይሆንም። ስለዚህ የልጁ ጆሮ ሌላ ቦታ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ በአካባቢው ወንጌል የተቀበሉ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ የአባቶቻቸው ምርቃት ከእምነታቸው ጋር የሚጋጭባቸው አሉ። ይህ የኅሊና ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። ሁለተኛው ደግሞ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምርቃቱንም ሆነ ቅዳሴውን እንደ አምልኮ ላስተምር ማለት አይችልም።

ግን ያው አንቀጽ ከባህላዊ ጭፍንነትም ነጻ ይሁን ይላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። አንድ አስተማሪ በዚህ ክፍለ ጊዜ ሽማግሌ ጋብዞ «ይህ ዜማ እንዴት ይወጣል? ተቀባዩ መቼ ይገባል?» ቢያስጠይቅ እያሰበከ አይደለም። ተማሪው ማመን አይጠበቅበትም፤ ማዳመጥና ማወቅ ግን ይችላል። አያቱ የሚሉትን ከማያውቅ ልጅ ይልቅ አውቆ «የእኔ እምነት ሌላ ነው» የሚለው ልጅ ራሱን የበለጠ ያውቃል።

ስለዚህ ስልኩን ጣሉት አልልም። በገና የምትማሩ ከሆነ የመምህሩን ቪዲዮ ማየት ብቻ አይበቃም፤ የራሳችሁን ቅጂ ልካችሁ «የቱ ጋ ሳትኩ?» በሉ። ካኮ ወይም ጂንካ ያላችሁ ደግሞ ስልኩን ይዛችሁ አያታችሁ ጋ ቁጭ በሉ። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከቀረጻችሁ በኋላ ደግሞ አጥፉትና እናንተ ተቀበሉ። ስትሳሳቱ መሳቃቸው አይቀርም። ከሳቁ በኋላ ግን ያርሟችኋል።