በስልክ የማይከፈት ድረ ገጽ ከፍለጋ ውጤትም ይሰወራል

ከአንኮበር ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋን ደጋ ከታጁራ ወደብ ጋር ያገናኝ በነበረው የሲራራ ንግድ መስመር ላይ የታወቀች ገበያ ነበረች፡፡ በዚያን ዘመን ነጋዴው የዋጋውንም ሆነ የመንገዱን ወሬ የሚያገኘው ገበያ ወጥቶ ነበር፡፡ ዛሬ በእንዲህ ያለች ከተማ የሚኖር ነጋዴ ስለ ንግድ ፈቃድ ወይም ስለ ግብር ለማወቅ ኢንተርኔት ሲጠቀም መሣሪያው በአብዛኛው የእጅ ስልኩ ነው፡፡

ይህን መሰሉ የአጠቃቀም ለውጥ በመላው ዓለም በመታየቱ ጎግል እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2015 ለስልክ የሚመቹ ገጾችን በስልክ በሚደረግ ፍለጋ ቅድሚያ መስጠት ጀመረ፡፡ በ2016 ደግሞ ድረ ገጾችን የሚመዘግበው በዋነኛነት በስልክ የሚታየውን ይዘት መሠረት አድርጎ እንደሚሆን አስታወቀ፤ ሽግግሩም በጥቅምት 2023 ተጠናቀቀ፡፡ ከሐምሌ 2024 ወዲህ በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ገጽ በፍለጋ መዝገቡ አይካተትም፡፡

ይህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ትርጉም አለው፡፡ በኮምፒውተር ላይ የሚታይ መመሪያ በስልኩ ገጽ ላይ ከተቀነሰ፣ ለፍለጋው እንዳልታተመ ይቆጠራል፡፡

እርግጥ ነው፣ ለስልክ መመቸት ብቻውን ደረጃን አይወስንም፤ ቀዳሚው ይዘቱ ለጥያቄው የሚሰጠው ምላሽ ነው፡፡ ሆኖም ተቀራራቢ ይዘት ካላቸው ገጾች መካከል ለአንባቢው የሚመቸው ብልጫ ሊያገኝ ይችላል፡፡ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ወደ ኋላ ሲቀር ዜጋው አስቀድሞ የሚያገኘው የደላላን ወሬ ወይም ጊዜው ያለፈበትን መረጃ ሊሆን ይችላል፡፡

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት መረጃን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል፡፡ እ.ኤ.አ በ2020 የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂም የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል እንዲሸጋገሩ አቅጣጫ አስቀምጧል፡፡ መረጃው ተለጥፎ የሚፈልገው ሰው ካላገኘው ግን ግዴታው በተግባር ተፈጽሟል ለማለት ያስቸግራል፡፡

መፍትሔው ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፡፡ ገጹ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ፣ ከባድ ፎቶግራፎችን ማቅለል፣ ማስታወቂያን በስካነር ምስል ብቻ ከመለጠፍ ይልቅ በዩኒኮድ ፊደል መጻፍ ይገባል፡፡ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎችም ማንኛውንም መረጃ ከለጠፉ በኋላ በአነስተኛ ዋጋ በሚገኝ ስልክ ከፍተው ቢፈትሹ፣ አሊዩ አምባ ያለው ነጋዴ የሚያየውን እነርሱም አስቀድመው ያያሉ፡፡